አንኮበር በገደሉ አፋፍ

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሄደ ሰው ደጋው በድንገት ያልቅበታል። እስከዚያ ድረስ የገብስ ማሳ፣ የበግ መንጋና ብርድ ነው። ከዚያ መሬቱ እንደ ተቆረጠ ወደ ታች ይወርዳል፣ ግርጌው ላይ ደግሞ የአፋር ቆላ ከሩቅ በአቧራና በሙቀት ደብዝዞ ይታያል። አንኮበር የተቆረቆረችው እዚህ አፋፍ ላይ ነው፤ ከዋናው ሰንሰለት ትንሽ ወጣ ብሎ በቆመ ሾጣጣ ኮረብታ አናትና ጎን ላይ።

ይህ ገደል የታላቁ ስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ግድግዳ ነው። ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት ጀምሮ ምድር እዚህ ላይ ስትሰነጠቅ፣ ምሥራቁ ከምዕራቡ በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር እየራቀ ሲሄድ፣ መካከሉም ሲሰምጥ ኖሯል። ጠላት በቀላሉ የማይወጣው አቀበት የተፈጠረው በዚህ ስንጥቅ ነው፤ ከተማዋን ያናጋትም ይኸው ስንጥቅ ነው። የአንኮበርን ታሪክ የነገሥታት ታሪክ ብቻ አድርጎ የሚተርክ ሰው ግማሹን ትቶታል ብዬ አምናለሁ።

ታሪኩ የሚጀምረው ከመንዝ ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነጋሢ ክርስቶስ የሚባል የመንዝ ባላባት ኃይሉን አሰባስቦ የሸዋን መሳፍንት ዘር መሠረተ። የጎንደር ነገሥታት በዚያው ዘመን ከፍታቸው ላይ ነበሩ፤ የእነሱም ከተማ ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1704 በመሬት መንቀጥቀጥ ተመትታለች። የነጋሢ ልጅና የልጅ ልጆች ከመንዝ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ እየገፉ ይፋትን ቁልቁል ወደሚያይ አፋፍ ደረሱ። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ መርዕድ አዝማች አምኃ ኢየሱስ መቀመጫውን አንኮበር ላይ አደረገ። ልጁ አስፋ ወሰን ከተማዋን አጸናት። የልጅ ልጁ ወሰን ሰገድ ግን ለመቀመጫው ቁንዲን መርጦ ነበር፤ እሱ በ1805 ዓ.ም. ሲገደል ሥልጣኑ ወደ ልጁ ወደ ሣህለ ሥላሴ ተላለፈ።

ሣህለ ሥላሴ ሲነግሥ ገና ወጣት ነበር፤ 34 ዓመት ያህል ገዛ። መርዕድ አዝማች የሚለውን የአባቶቹን ማዕረግ አልፎ ራሱን ንጉሥ አሰኘ። አንድ ቦታ ረግቶ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም፤ አንጎለላን አሠርቶ ብዙ ጊዜውን እዚያ ያሳልፍ ነበር፣ ደብረ ብርሃንም ይመላለሳል። የመንግሥቱ ግምጃ ቤት፣ ጎተራና የክብር መቀመጫ ግን አንኮበር ነበረች። ከበታቿ አልዩ አምባ የሚባለው የነጋዴዎች ከተማ አለ። ከአፋር የሚመጣው አሞሌ ጨው፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ጨርቅና መሣሪያ፣ ከደጋ የሚወርደው ቡናና እህል፣ እንዲሁም ለዘመኑ ታላቅ ነውር የሆነው የባሪያ ንግድ በዚያ ያልፍ ነበር። በገደሉ በር ላይ የተቀመጠ ንጉሥ የቀረጡ ጌታ ነው። አንኮበር ያን ያህል የታፈረችው በዚህ ምክንያት ነበር።

በ1830ዎቹ ዓ.ም. መባቻ የውጭ ሰዎች መምጣት ጀመሩ። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ከባልደረባው ከአይዘንበርግ ጋር ደረሰ፤ ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ለወዳጅነት መጣ። ሐምሌ 1833 ዓ.ም. ላይ ደግሞ ከቦምቤይ የተነሣ የእንግሊዝ ልዑክ በሻምበል ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ መሪነት አቀበቱን ወጣ። ሃሪስ የጦር መሐንዲስ ነበር። አብሮት የመጣው ሠዓሊ ማርቲን በርናትዝ አንኮበርን በቀለም ሥሎ ለዓለም አሳይቷታል፤ ሥዕሎቹን ያየ ሰው የኮረብታውን ቅርጽ አይረሳም። ኅዳር 1834 ዓ.ም. ላይ ሣህለ ሥላሴና ሃሪስ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ።

የዚያ ዘመን ተጓዦች የሕዝቧን ብዛት ከ10 እስከ 15 ሺህ ይገምቱት ነበር። አናቱ ላይ የንጉሡ ግቢ በተደራረበ የእንጨት አጥር ተከቦ ይታያል። ከአጥሩ በታች የመኳንንቱ ግቢ፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ የሠራተኛውና የወታደሩ ጎጆ በጽድና በኮሶ ዛፍ መካከል ተዘርቶ እስከ ገደሉ ከንፈር ይወርዳል። ቤቱ ሁሉ የእንጨትና የጭቃ ነው፣ ክዳኑ ሣር። የአንዱ ጎጆ መቀመጫ ከበታቹ ካለው ጎጆ ክዳን በላይ ይሆናል። ቁልቁለቱን ለመኖሪያ ማብቃት በራሱ ሥራ ነበር። መሬቱን ቆርጦ ደልዳላ ማውጣት፣ አፈሩ እንዳይሸሽ ከፊቱ ድንጋይ መካብ፣ ከጓሮው ደግሞ ውሃው ወዲያ እንዲሄድ ቦይ መቅደድ ያስፈልጋል።

ይህን የምጽፈው ከቶሮንቶ፣ ከጄን ኤንድ ፊንች ነው። እዚህ አገሩ ለጥ ያለ ነው፤ ሰው ከፍ ብሎ የሚያይበት ኮረብታ ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና 70ዎቹ የቆሙት ረጃጅም የኪራይ ሕንፃዎች ናቸው። አንኮበር ወረዳ ያደጉ አንዲት እናት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ እዚህ ጎረቤታችን ናቸው። ስለ ልጅነታቸው ሲያወሩ ከሁሉ በፊት የሚያነሡት ያንን የጓሮ ቦይ ነው። ክረምት ሳይገባ አባታቸው ልጆቹን ሁሉ አሰልፎ ቦዩን ያስጠርግ ነበር። ደለሉን በእጃቸው እየዛቁ፣ ቅጠሉን እየለቀሙ፣ ውሃው በየት እንደሚያልፍ በጣታቸው እያሳዩ ነው ያደጉት። "ውሃ ከቤት ጀርባ ካደረ ቤቱ ያንተ አይደለም" ይሏቸው ነበር አባታቸው። ለእኔ በ1835 ዓ.ም. አንኮበር ላይ የወረደው መዓት የገባኝ ከየትኛውም መጽሐፍ ይልቅ በዚህ ወግ ነው።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ጊዜውን ሳተ። ሰማዩ መጥራት፣ አዝመራው መሰብሰብ በነበረበት በኅዳርና በታኅሣሥ መግቢያ ገደማ ለሳምንታት ያለማቋረጥ ዘነበ። ያ ሁሉ ውሃ አንኮበር ጎን ላይ ባለው አፈር ውስጥ ሰረገ። ከዚያ ምድር ተንቀጠቀጠች። በደረቅ ወራት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ግድግዳ ሰንጥቆ፣ ጥቂት ክዳን አውርዶ ያልፍ ነበር። ውሃ የጠጣው ቁልቁለት ግን መንቀጥቀጡን አልቻለም፤ ከሥሩ ካለው አለት እየተላቀቀ ተንሸራተተ። ጎጆዎች ከነደልዳላቸው፣ ከነአጥራቸውና ከነጓሯቸው ወደ ገደል ወረዱ። ከላይ ቋጥኝ እየተፈነቀለ ከታች ያለውን ደመሰሰ። ሰው ከነቤቱ ተቀበረ፣ ማሳ ጠፋ፣ መንገድ ተዘጋ። ከተማዋ ፈረሰች ማለት ይቻላል።

ሃሪስ ያን ጊዜ ገና ሸዋ ውስጥ ነበርና የሆነውን በ1844 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ባሳተመው ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ውስጥ አስፍሮታል። መሐንዲስ በመሆኑ ይመስለኛል፣ ዝናቡንና መንቀጥቀጡን፣ መንቀጥቀጡንና ናዳውን አያይዞ ነው የተረከው። በኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ ያስከተለው ናዳ በዓይን ምስክር ተዘርዝሮ ከተመዘገበባቸው ቀደምት አጋጣሚዎች አንዱ ይህ ነው።

ከተማዋ ባለችበት ተመልሳ ተሠራች። ሣህለ ሥላሴ ሌላ ቦታ ስላልነበረው አይደለም፤ አንጎለላ ደልዳላ ሜዳ ላይ ነበረችለት፣ ደብረ ብርሃንም እንደዚያው። የይፋትና የአፋር መንገድ በር ግን በአንኮበር በኩል ነው፤ የአባቶቹ መቀመጫ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱ ስፍራም እሷው ናት። የዘመኑ ቤት አሠራርም ረድቷል። የጽድ ምሰሶና ወራጅ ከአካባቢው ጫካ ይቆረጣል፣ ማገሩ በልጥ ይታሰራል፣ ጭቃው በገለባ ይቦካል፣ ክዳኑ ሣር ነው። ጎረቤት በደቦ ከወጣ አንድ ጎጆ ለመቆም ብዙ ጊዜ አይፈጅም። የድንጋይ ከተማ ቢሆን ፍርስራሹን ለማንሣት ብቻ ዓመታት በወሰደ ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ እንዲህ ያለ ከተማ ሲፈርስ ምልክት አይተውም። የጎንደር ግንብ ቢሰነጠቅ ስንጥቁ ለትውልድ ይታያል፤ የአንኮበር ቁስል በሁለት ክረምት ሣርና ቁጥቋጦ ለበሰ። ለዚህም ነው ከእኛ መካከል ብዙው ሰው አንኮበርን የምኒልክ ከተማ እንጂ የዚያ ናዳ ከተማ አድርጎ የማያውቃት።

መንግሥቱም አልተፈታም። በዚያው ዓመት ሰኔ መግቢያ፣ ከመዓቱ ስድስት ወር ገደማ በኋላ፣ ሣህለ ሥላሴ በሮሼ ዴሪኩር በኩል ከፈረንሳይ ጋር ውል ተዋዋለ። በተከታዩ ዓመት፣ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም.፣ አንጎለላ ላይ የልጅ ልጁ ተወለደ፤ ሣህለ ማርያም ተባለ፣ ኋላ ዳግማዊ ምኒልክ የሆነው እሱ ነው። ሣህለ ሥላሴ በ1840 ዓ.ም. ጥቅምት ደብረ ብርሃን ላይ አረፈ፤ ልጁ ኃይለ መለኮት ነገሠ።

ከዚያ ወዲያ የመጣው ናዳ የሰው ነበር። በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ ሸዋ ዘመቱ። ኃይለ መለኮት በዚያው ዓመት ኅዳር ሞተ፣ ሸዋ ተሸነፈች፣ ሕፃኑ ምኒልክም ወደ መቅደላ ተወሰደ። በሰኔ 1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አመለጠ። በዙፋኑ ላይ የነበረውን በዛብህን ድል አድርጎ አንኮበር ገባና የሸዋ ንጉሥ ተባለ።

የምኒልክ አንኮበር የከተማዋ የመጨረሻው ታላቅ ዘመን ነው። ምኒልክ ልቼንም መቀመጫ አድርጎ ነበር፤ ሆኖም አንኮበር ላይ፣ አያቱ በነበረበት አናት፣ ቤተ መንግሥቱን አሠራ። የኢጣሊያ ጂኦግራፊ ማኅበር ልዑክ በማርኬዝ አንቲኖሪ መሪነት በ1868 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ መጣና ከከተማዋ አጠገብ ልጥ ማረፊያ ላይ መሬት ተሰጠው፤ አንቲኖሪ በ1874 ዓ.ም. ክረምት እዚያው ሞተ። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ዓ.ም. አካባቢ ወጣትነቱን ይዞ ወደ ምኒልክ የመጣው በዚሁ አቀበት ነው። በግንቦት 1875 ዓ.ም. ምኒልክና የኢጣሊያው አንቶኔሊ አንኮበር ላይ ውል ተፈራረሙ።

ያኔ ግን ንጉሡ ወደ ደቡብ ማየት ጀምረው ነበር። በ1870ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ እንጦጦ ዘለቁ፤ በ1879 ዓ.ም. መግቢያ ከእንጦጦ ግርጌ አዲስ አበባ ተቆረቆረች። በዚያው ዓመት ጥር መጨረሻ ላይ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ፣ ቅኔውን ትቶ የመሣሪያ ነጋዴ ከሆነ በኋላ፣ ጠመንጃ የጫነ ቅፍለቱን ከታጁራ በአፋር በረሃ አሻግሮ አንኮበር ደረሰ። ምኒልክ አልነበሩም። ሒሳቡን ለመጨረስ እስከ እንጦጦ መሄድ ግድ ሆነበት። ለ140 ዓመታት ያህል ነጋዴው ሁሉ ሽቅብ የሚወጣላት ከተማ አሁን ማለፊያ ሆናለች። ያ የ1835ቱ ናዳ ያላደረገውን የመናገሻ መዛወር አደረገው፤ መኳንንቱ፣ ወታደሩ፣ አንጥረኛውና ነጋዴው ንጉሡን ተከትሎ ወረደ፣ ቤቶቹም ሰው ሳይኖርባቸው አረጁ። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ መሬት ያፈረሰውን ቤት ደቦ ያቆመዋል፣ ባለቤቱ ጥሎት ለሄደው ግን ደቦ የሚጠራ የለም።

ምድር አዲሲቷን ዋና ከተማም አልተወቻትም። በነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. መነሻው ላንጋኖ አካባቢ የሆነ ብርቱ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን አናወጣት። አንኮበር በበኩሏ በአምስቱ የጠላት ዘመን የሸዋ አርበኞች ምድር ሆነች፤ እነ ኃይለ ማርያም ማሞና ራስ አበበ አረጋይ በዚያ ገደልና ጫካ ተዋግተዋል። ከነፃነት በኋላ የወረዳው ኑሮ ጎረቤላ ላይ ተሰበሰበ።

ቀጣዩ ምዕራፍ ካናዳን ከዚህ ታሪክ ጋር ያገናኛል፤ እዚህ አገር የሚኖር ሐበሻም ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲያቋቁሙ መሪነቱን የሰጡት ለኩቤክ ኢየሱሳውያን ካህናት ነበር፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሉሲየን ማት ነበሩ። ከእነሱ ጋር የነበሩት አባ ፒየር ጉዌን በ1950 ዓ.ም. አካባቢ፣ አዲስ አበባ ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ መሆኗ ስለ ተፈለገ፣ አራት ኪሎ ላይ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ አቋቋሙ። ብዙም ሳይቆይ የመንቀጥቀጥ መመዝገቢያ መሣሪያ ተተከለ። መሣሪያው ጊዜውን ጠብቆ ነበር የመጣው። በ1953 ዓ.ም. ከአንኮበር ወደ ሰሜን መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በዚያው አፋፍ ላይ፣ ምድር ለወራት ተናወጠች። ዋናው የመጣው በግንቦት 24 ነው፣ መጠኑም 6.5 ገደማ ነበር፤ ማጀቴ ፈረሰች፣ ካራቆሬም ክፉኛ ተጎዳች። በ1961 ዓ.ም. መጋቢት ደግሞ በአፋር ሰርዶ ከመሬት ጋር ተስተካከለች።

ጉዌን ግን መርፌው የሚጽፈው ብቻ አላረካቸውም። መሣሪያ ያልነበረበትን ዘመን ለማወቅ ዜና መዋዕሎችን፣ የተጓዦችን መጻሕፍትና የሚሲዮናውያንን ደብዳቤ አገላበጡ። ከእነዚያ ገጾች መካከል የሃሪስ አንኮበር ይገኝበታል። ሥራቸው "የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ" በሚል ርእስ በእንግሊዝኛ ኦታዋ ላይ በ1979 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ እስከ ዛሬ በዘርፉ የሚሠራ ሰው የሚጀምረው ከእሱ ነው። አገራቸው ከተመለሱ በኋላም ያንኑ አሠራር በኩቤክ ላይ አውለው የጥንቱን የመንቀጥቀጥ ዜና ከየመዝገቡ እየለቀሙ መጽሐፍ አወጡ። ካህኑ በሁለት አገር አንድ ሥራ ነው የሠሩት፤ ሰው የረሳውን መዓት ዓመትና ቦታ እየሰጡ መመዝገብ።

ያ መዝገብ እየተሟላ ሄዷል። በ1998 ዓ.ም. መስከረም መጀመሪያ፣ በዚያው አፋፍ ደብረ ሲና አጠገብ ይዛባ ላይ፣ ክረምቱን ውሃ ሲጠጣ የከረመ መሬት ተንሸራቶ በሺህ የሚቆጠር ሰው ቤቱን አጣ። አንኮበር ኮረብታ አናት ላይ ደግሞ ከምኒልክ ቤተ መንግሥት የተረፈው የድንጋይና የኖራ ግንብ አለ፤ አጠገቡ የጥንቱን ቤተ መንግሥት መልክ ተከትሎ የተሠራ ሎጅ ቆሟል። እንግዳው ማለዳ ተነሥቶ የአፋርን ሜዳ ያያል።

በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ጀምሮ ያ ሜዳ ራሱ ተነሣ። ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ ምድር በተደጋጋሚ ተንቀጠቀጠች፤ በታኅሣሥ መጨረሻ መጠኑ ከ5.5 በላይ ሆነ፣ በየካቲት ወር ደግሞ መጠኑ 6 ገደማ ደረሰ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የአፋርና የኦሮሚያ ሰዎች ከቀያቸው ተነሡ። አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የተኛው ሁሉ በሌሊት ደረጃ ወረደ። እዚያ ሌሊት ሲሆን እዚህ ጄን ኤንድ ፊንች ገና ምሽት ነውና ስልኩ አላረፈም፤ ሊፍት ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ ሰው ሁሉ "የእናንተዎቹስ?" ይባባል ነበር። መተሐራ ዘመድ ያለው፣ አዋሽ ያለው፣ ደብረ ብርሃን ያለው።

እትዬ በዚያ ሰሞን ወንድማቸው ጎረቤላ ላይ የጀመረው ቤት ነበራቸው፤ ገንዘቡን ከዚህ የሚልኩት እሳቸው ናቸው። እኛ ከውጭ የምንልከው ገንዘብ ዛሬ በዚያ አገር ብዙ ብሎኬትና ኮንክሪት ያቆማል፤ የዱሮው ጎጆ ቢወድቅ ሣርና ጭቃ ነበር፣ ኮንክሪት ግን ሲወድቅ ሌላ ነገር ነው። ኢትዮጵያ መንቀጥቀጥን የሚመለከት የሕንፃ ኮድ ካላት ቆይታለች፤ ኋላም ተሻሽሏል። ኮዱ አለ፤ መጠየቅ ያለበት ገንዘቡን የሚያወጣው ሰው ነው። እትዬ ጠየቁ። መሐንዲሱን በስልክ ይዘው ከብረቱና ከሲሚንቶው በፊት ያነሡበት ነገር የጓሮው ውሃ በየት እንደሚወርድና ቤቱ ከአፋፉ ስንት እርምጃ እንደሚርቅ ነበር። መሠረቱ ወደ ውስጥ እንዲገባ ተወሰነ፣ የተቆፈረው ተደፈነ፣ ከኋላ በድንጋይ የተገነባ ቦይ ተጨመረ። ወጪው ከታሰበው በላይ ሆነ፤ እትዬ በወር በወር እየላኩ ከፈሉት።